ጥር ሃያ አምስትና መጋቢት ሦስት

ቢረሳው ወልደሥላሴ የተወለደው ጣሊያን በወጣ በማግስቱ ዓመት፣ ነገሌ፣ ከጦር ሰፈሩ ጀርባ ነው። አባቱ ሃምሳ አለቃ ወልደሥላሴ ከመንዝ ከጦሩ ጋር ወርደው እዚያው ጎጆ የቀለሱ ሰው ነበሩ። ከእሱ በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች በጨቅላነታቸው ስለሞቱ፣ እናቱ ሞት ይርሳልኝ ብለው ይህን ስም አወጡለት። ሞትም ልጁን ረሳው፤ እናቱን ግን አልረሳም። ቢረሳው የእናቱን መልክ በደንብ ሳይዝ አደገ።

አባቱ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡና አብሮ እንዲሄድ ለመኑት። የማላውቀው አገር ምን ልሠራ ብሎ እምቢ አለ። ሸኛቸውና ቤቱን ብቻውን ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባቱ መርዶ ደረሰው። ሰውየው ከተቀበሩ ቆይተው ነበር። በነገሌ አንድም የሥጋ ዘመድ ስላልነበረው፣ የሰፈሩ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሦስት ቀን አስተዛዘነውና ወደየሥራው ተመለሰ። ቢረሳውም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሥራው ከብት መከተብ ነበር። በዚያ ጊዜ ለቆላው ከብት የክትባት ዘመቻ ተከፍቶ፣ ነገሌ ላይ አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ነበረው። አለቃው አቶ አሸቱ የሚባሉ፣ ረጋ ያሉና ወረቀት የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። በጋ ሲገባ ከሊፋ የሚባለው ሾፌር ቢረሳውን ከነድንኳኑና ከነመድኃኒቱ ጭኖ፣ በያቤሎ በኩል አድርጎ ተልተሌ አካባቢ ካለ የውኃ ጉድጓድ ያወርደዋል። ከብቱ ለውኃ የሚመጣው ወደዚያ ነውና እዚያው ይጠብቀዋል። ቦረናዎቹ ከብቱን አንድ በአንድ በጠባብ የእንጨት አጥር መሃል ይነዱለታል፤ እሱም ይወጋል። አንድ መንጋ በመጀመሪያው ዙር ይከተባል፤ ወር አለፍ ሲል ደግሞ ያው መንጋ ዳግመኛ ይከተባል። ሁለተኛው ካልተሰጠ የመጀመሪያው ከንቱ ነው።

ቢረሳው ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከሊፋ፣ ከእሱ ጋር ሙሉ ቀን ነድቶ የሰማው ቃል ከመኪናው ጩኸት ያነሰ እንደነበር ለሻይ ቤት ጓደኞቹ ይናገር ነበር። ጉድጓዱ ላይ ግን ጋልጋሎ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ወደዱት። ጠዋት ከድንኳኑ ሲወጣ "አካም ቡልቴ፣ ናጋ?" ብለው እንዴት እንዳደረ፣ ሰላም መሆኑን ይጠይቁታል፤ እሱም በኦሮምኛ ይመልሳል። ልጅነቱ ነገሌ ስለነበር ቋንቋው እንደ አማርኛው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብዙ ሳይነጋገሩ ሙሉ ቀን አብረው ይውላሉ። ለቢረሳው ይህ ወዳጅነት ይበቃው ነበር፤ ቢያንስ በዛብሽን እስኪያይ ድረስ።

በዛብሽ የተልተሌ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። የሀገረ ማርያም የቡና ነጋዴ ልጅ ናት፤ ተመድባ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ቢረሳው መድኃኒት ለመውሰድ ተልተሌ ከተማ ገብቶ ሳለ፣ ዘመቻው እዚያ ያስቀመጠው በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ በረዶ እንደሚሠራ ሰምታ መጣች። ልጆቹን ስለ ውኃ ጠባይ እያስተማረቻቸው መሆኑን፣ ነገር ግን ውኃ ድንጋይ ይሆናል ስትላቸው እንደሳቁባት ነገረችውና ትንሽ በረዶ እንዲሰጣት ጠየቀችው። እሱ የመድኃኒት ሳጥኑን ተሸክሞ እስከ ክፍሉ ድረስ ሄደ። ልጆቹ በረዶውን እየተቀባበሉ "ያቃጥላል" እያሉ ይጮኹ ጀመር፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ከመሳቅ በቀር ምንም አላለም። በዛብሽ በኋላ ስትነግረው፣ ልቧን የሳበው ያ ዝም ብሎ መሳቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ በገባ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቷ አብሯት ይሄዳል። እሷ ታወራለች፤ እሱ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ደግሞ እሱም ማውራት ጀመረ። ስለ እናቱ ለሰው ነግሮ አያውቅም ነበር፤ ለእሷ ነገራት። በ1964 ዓ.ም. በጋ ነገራቸው ቁርጥ ሆነ። ትምህርት ሲዘጋ እሷ ወደ ሀገረ ማርያም ትሄዳለች፤ እሱ አቶ አሸቱንና ሁለት የአባቱን ጓደኞች ሽማግሌ አድርጎ ወደ አባቷ ይልካል ተባባሉ። ቢረሳው ነገሌ ያለውን ቤቱን ግድግዳ አስመረገ፤ አዲስ አልጋም አሠራ።

በግንቦት ከአዲስ አበባ ወረቀት መጣ።

በዚያ ጊዜ ከየጉድጓዱ የሚሞላው የክትባት ቅጽ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። እዚያ የተማሩ ልጆች ጽሑፉን ወደ ቀዳዳ ካርድ ይለውጡታል፤ ካርዱን ደግሞ ኮምፒዩተር የተባለ ማሽን ያነበዋል። ማሽኑ የማን ከብት ስንት ጊዜ እንደተከተበ ይደምራል፤ የሚያጠራጥር ነገር ካገኘም ስም ያወጣል። የዚያ ዓመት ወረቀት ከነገሌ ሦስት ስም አወጣ፤ አንዱ ቢረሳው ነበር። ከስሙ ጎን ዳግመኛው ክትባት ከመጀመሪያው የቀደመ ተብሎ ተጽፎ ነበር።

አቶ አሸቱ አስጠሩት። በሩን ዘግተው ወረቀቱን አሳዩት።

"ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በፊት ሰጥተሃል ይላል" አሉት።

"እንዴት አድርጌ ጌታዬ?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ። የሠራ ሰው ቀን አይምታታበትም። ቀን የሚምታታበት ቁጭ ብሎ ያልሠራውን የሚጽፍ ሰው ነው።"

ቢረሳው የመጀመሪያውን ጥር ሃያ አምስት፣ ሁለተኛውን መጋቢት ሦስት እንደሰጠ፣ ጋልጋሎንም መጠየቅ እንደሚቻል ተናገረ። አቶ አሸቱ የተጻፈው ቅጽ አዲስ አበባ ስለሆነ ምን ብሎ እንደጻፈ እሳቸው ሊያውቁ እንደማይችሉ፣ የሽማግሌ ቃልም ከማሽን ጋር ተሟግቶ እንደማያሸንፍ ነገሩት። ደግሞ አንድ ነገር ከበደባቸው። ከሦስቱ አንዱ ራሺድ የሚባል ልጅ፣ ወረቀቱን ገና ሲያይ አለቀሰ። ወደ ጉድጓዱ ሳይሄድ ያቤሎ ተቀምጦ ቅጹን እንደሞላ አመነ። ማሽኑ ራሺድን በትክክል ካገኘው ቢረሳውን ለምን በስህተት ያገኘዋል? ነገሌ ላይ ነገሩን የሰማ ሁሉ ያሰበው ይህንኑ ነው።

የሚያሳዝነው ቢረሳው ራሱም መጠራጠሩ ነው። ቤቱ ገብቶ አዲሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ ድካም ይዞኝ ወሩን አዛብቼ ጽፌ ይሆን እያለ ራሱን መረመረ። የጻፈውን ቅጽ በዓይነ ኅሊናው ለማየት ሞከረ፤ ባሰበው ቁጥር ግን ቁጥሮቹ የተለያዩ ሆኑበት።

ከሥራ አላባረሩትም። ከመስክ አንሥተው የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። መጋዘኑ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። የሚገባ የሚወጣውን ሳጥን እየፈረመ ይውላል። በፊት አብረውት ሻይ የሚጠጡ ባልደረቦቹ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ግን እሱ ሲገባ ወሬያቸው ቀዝቀዝ ይልና ትንሽ ቆይተው ሒሳብ ከፍለው ይወጣሉ። እሱም መሄድ ተወ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከአጥር ውጭ ቆሞ አስቀድሶ፣ ሰው ሳይበተን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለበዛብሽ አልጻፈላትም። በየቀኑ ሊጽፍ ያስባል። ቀጣፊ ተብዬ ከሥራዬ ተነሣሁ የሚለውን ግን እጁ እምቢ አለው። ስሜ ከዚህ ነውር ሲጠራ ያን ጊዜ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ አለ። እንዴት እንደሚጠራ ግን አያውቅም ነበር።

እሷ በሌላ አፍ ሰማች። በሰኔ ከሊፋ ከተልተሌ ሲመለስ መጋዘን ድረስ መጥቶ መልእክቷን ነገረው። ሰዎች ስለ አንተ ይህንና ያንን ይላሉ፤ ምን እንደሆንክ ራስህ ንገረኝ ብላለች። ቢረሳው ሳጥን እየቆለለ ሰማና እሺ አለ። ከሊፋ በሚቀጥለው ጉዞ ምን ልበላት ሲለው፣ ቆይ አለው። በሌላ ጊዜ ደግሞ መጣ። ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ ለአባቴ ምን ልበል ብላለች አለው። ቢረሳው አሁንም ቆይ አለ። ከሊፋ ተናደደና "አንተ ሰው፣ ቆይ የሚባል መልስ አለ እንዴ?" ብሎት ሄደ። በሦስተኛው ጊዜ መልእክት አልነበረም። በዛብሽ ዝውውር ጠይቃ ጓዟን ጭና ሀገረ ማርያም መግባቷን ብቻ ነገረው።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስቀል አለፈ፤ ገና አለፈ። ጥር ወር ሰርጉ ሲበዛ፣ ከጎረቤት የሚሰማው ከበሮ ቆርቆሮው ውስጥ ያስተጋባ ነበር። ሁለት ጊዜ ለሰርግ ጠሩት፤ አንዱን ታመምኩ ብሎ ቀረ፤ ሌላውን ሄዶ ጥግ ላይ ተቀምጦ በልቶ ተመለሰ።

የካቲት ላይ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ወይዘሪት የዓለምወርቅ ትባላለች። ለማሽኑ የሚሠራውን ነገር አንድ በአንድ በኮምፒዩተር ቋንቋ ጽፋ የምታዝዘው እሷ ነበረች። በሁለተኛው ዓመት ማሽኑ የሚያወጣው ስም በጣም በዝቶ፣ አንድ የሌላ አውራጃ አለቃ በጣም የሚያምነው ሠራተኛው ስሙ ስለወጣ በብርቱ ተከራክሮ ነበር። እሷም ሰዎቹን ራሴ ልያቸው ብላ ዋናዎቹን ቅጾች በቦርሳ ይዛ ወረደች። ነገሌ ስትደርስ ሙቀቱ አስጨንቋት፣ በአቶ አሸቱ ቢሮ መስኮቱን አስከፍታ ተቀመጠች። ቢረሳውን አስጠራችው።

ቁጭ እንዲል ለምናው ሁለት ቅጾች ፊቱ ዘረጋች።

"የእጅ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው?"

ቢረሳው ከዘጠኝ ወር በላይ ሲያስበው የከረመውን ወረቀት አየ። በአንዱ ላይ 25/05/64 ይላል፤ በሌላው ላይ 03/07/64። አልተሳሳተም ነበር። 

"የኔ ነው" አለ። "ጥር ሃያ አምስትና መጋቢት ሦስት።"

"ጥር ከመጋቢት ይቀድማል" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።  ዓይኗ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየሄደ ብዙ ቆየች። ቦርሳዋን ከፈተችና የሌሎቹን ስማቸው የወጣ ሠራተኞች ቅጾች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። በሁሉም የመጀመሪያው ክትባት በወሩ መጨረሻ፣ ሁለተኛው በሌላ ወር መጀመሪያ ላይ ነበር። ፊቷ ተለወጠ። አቶ አሸቱ ውኃ ላምጣ ወይ አሏት። አልፈለገችም።

"ማሽኑ ቀን መሆኑን አያውቅም" አለች በመጨረሻ። "እንደ ጽሑፍ ነው የተሰጠው። እርስዎ ተማሪ ቤት ሳሉ የስም ጥሪ በፊደል ተራ አልነበረም?"

"ነበረ።"

"በፊደል ተራ ሁለት ስም ሲነጻጸር መጀመሪያ የሚታየው የመጀመሪያው ፊደል ነው። እሱ ከተለያየ የቀረውን ማንም አያየውም። ማሽኑም እንደዚያው ነው ያደረገው። የጥር ወሩ ጽሑፍ በሁለት ይጀምራል፤ የመጋቢቱ በዜሮ ይጀምራል። ዜሮ ከሁለት ይቀድማል። ስለዚህ መጋቢት ሦስት ከጥር ሃያ አምስት ይቀድማል አለ። ወሩ ጋ አልደረሰም።"

አቶ አሸቱ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወረቀቶቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ታዲያ ራሺድ እንዴት ተገኘ ብለው ጠየቁ። ራሺድ የጻፈው ውሸት ቢሆንም፣ ማሽኑ ስሙን ያወጣው ውሸቱን አውቆ ሳይሆን በዚያው በወር መጨረሻና መጀመሪያ ምክንያት እንደሆነ ቅጹን አሳየቻቸው። ስንት ቀጣፊ ደግሞ የሁለተኛውን ቀን ቁጥር ከመጀመሪያው አስበልጦ ስለጻፈ በሰላም እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው አለች።

ቢረሳው አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። "ለማሽኑ ያንን ያዘዙት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አለች ቀና ብላ እያየችው። "ከመላኬ በፊት ሞክሬው ነበር፤ ልክ ይሠራ ነበር። የሞከርኩባቸው ቀኖች ግን ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ነበሩ።"

ቢረሳው አልተቆጣም። ቁጣ ሊመጣ ሲል የሴትዮዋን ፊት አየና ተወው። ዓመተ ምሕረቱ ቀድሞ፣ ወሩ ቀጥሎ፣ ቀኑ መጨረሻ ቢጻፍ የፊደሉ ተራና የጊዜው ተራ አንድ እንደሚሆን፣ ከእንግዲህም እንዲሁ እንደምታደርግ ለአቶ አሸቱ ስታስረዳ ተቀምጦ ሰማት። በዚያው ቀን ለየአውራጃው የሚላክ ማስተካከያ ጻፈች። አቶ አሸቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው የቢረሳውን እጅ በሰው ፊት ጨበጡ፤ በማግስቱም ፈቃድ ሰጡት። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቁም። ለሽማግሌነት ታጭተው የነበሩት እሳቸው ነበሩና ያውቁ ነበር።

በጭነት መኪና በክብረ መንግሥት በኩል ዞሮ ሀገረ ማርያም ገባ። ከቆላ ለመጣ ሰው አገሩ ይበርዳል፤ ጭጋግ ነበር፤ መንገዱ ላይ የቡና ጆንያ የጫኑ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ትምህርት ቤቱን ጠይቆ አገኘ። በዛብሽ ልጆች ለዕረፍት ሲወጡ ከክፍል ወጣች፤ አየችውና ቆመች። የሠርግ ሹሩባዋ ገና አልተፈታም፤ ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። በጥር ነበር የተዳረችው።

ዛፍ ሥር ያለች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቢረሳው መንገድ ላይ ሲያዘጋጅ የመጣውን ሁሉ ረሳና፣ ቀለበቱን እንዳላየ ሆኖ ስለ ማሽኑ ይነግራት ጀመር። ስለ ዜሮውና ስለ ሁለቱ፣ በፊደል ተራ ስለመነጻጸሩ፣ ቅጹንም በዓይኑ እንዳየው ነገራት። በሕይወቱ ያንን ያህል አውርቶ አያውቅም። እሷ እንደ ደግ መምህርት ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ገብቶኛል" አለች። "እንኳን ስምህ ጠራ።"

"ጠራ።"

"ግን እኮ ዋሽተሃል ወይ ብዬ አልጠየቅሁህም። ምን ሆንክ ነው ያልኩህ።"

"ስሜ ሳይጠራ በምን ዓይኔ ልይሽ?"

"ሳይጠራ ነበር መምጣት" አለች ቀስ ብላ። "ከጠራማ ማንም ይመጣል።"

 ደወል ተደወለ። በዛብሽ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ስለ ባሏ ሁለት ቃል ብቻ ነገረችው፤ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ረዳት ነው፤ ደህና ሰው ነው። ቢረሳውን ምሳ ብላ ሂድ አለችው፤ መኪናው ይሄድብኛል አለ። መኪናው የሚሄደው በማግስቱ ነበር። እጅ ተነሣሡና እሷ ልጆቹን ተከትላ ገባች። እሱ ከሰዓት በኋላውን በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ሲራመድ ዋለ።

ነገሌ ሲመለስ አቶ አሸቱ ወደ ተልተሌ መስመሩ ሊመልሱት ፈለጉ። ቢረሳው እዚያ እንዳይልኩት ለመናቸው። እሳቸውም ምክንያቱን ሳያስወሩት በዳዋ ወንዝ በኩል ያለውን ቆላ ሰጡት፤ የተልተሌውን ሌላ ሰው ያዘ። ከሊፋ አንዳንዴ ከዚያ ሲመለስ ጋልጋሎ ያ ዝምተኛ ሐኪም የት ገባ እያሉ እንደሚጠይቁ ይነግረዋል። ቢረሳው ሰላምታ ይልካል። አንድ ጊዜ ስኳርና ትምባሆ ላከላቸው።

በዳዋ በኩል ያሉት ሰዎች የእሱን ታሪክ አያውቁም። መልካም ሠራተኛ ነው፤ በከብት አይጨክንም ይሉታል። አንድ ነጋዴ እህቱን ሊድርለት ሰው ልኮበት ነበር፤ አመስግኖ አልሆነለትም አለ። ቤቱን ለአንድ ወታደር ቤተሰብ አከራይቶ ብዙውን ጊዜ በድንኳን ይኖር ጀመር። ነገሌ የሚገባው መድኃኒት ለመውሰድ ብቻ ነው፤ ያንኑ ዕለት ይወጣል።

ቆላው በበጋ የሚጠብቀው ዝናብ በ1966 ጠፋ። ከብቱ ከስቶ መርፌ የሚችል ጠፋ፤ ቢረሳውም ከመከተብ ይልቅ ባለከብቶቹ የሞተውን እንዲቀብሩ ሲያግዝ ዋለ። በአዲስ አበባ የታክሲና የመምህራን አድማ መነሣቱን ትንሿ ሬዲዮው ትናገራለች። አንድ ቀን ፀሐይ ስትዘቀዝቅ፣ አጠገቡ የሰፈሩት አርብቶ አደሮች ሌላ ውኃ ፍለጋ ተነሡ። ግመሎቻቸውን ጭነው፣ ናጋቲ ብለው ተሰናብተውት፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ወረዱ። ቢረሳው እስኪርቁ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጋ፣ እሳት አነደደና የአንድ ሰው ራት ጣደ።